«አላመመኝም» ያለችው ልጅ

አንዲት እናት ነበረች። ትንሿ ልጇ ረድኤት ከዘይቱን ዛፍ ላይ ወደቀችና ክንዷ ተሰበረ። ወጌሻ ተጠራ፤ ክንዷን አቃንቶ በሸምበቆ አሰረላት። ሲወጣም፣ «ጣቶቿ ከደነዘዙ ሳይውል ሳያድር ጥሩኝ» ብሎ አስጠነቀቀ።

ጎረቤት ሊጠይቅ ገባ። «ረድኤትዬ፣ እንዴት ነሽ? ያምሻል?»

በእኛ ቤት ልጅ ለታላቅ ምን ብሎ ይመልሳል? «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አይደል? እንደዚያው አለች። ለመጣው ሁሉ እንደዚያው አለች። እናት ኮራች። «አያችሁልኝ የኔን ጨዋ? እንባ እንኳ የላትም!»

ክንዷ ግን እያበጠ፣ ማሰሪያው እየጠበቀ ነበር። ወጌሻው ሊያያት ሲመለስ ጣቶቿ ገርጥተው አገኛቸው። ወዲያው ማሰሪያውን ፈታና፣ «ሐኪም ቤት! አሁኑኑ!» አለ።

ሐኪሙ የአውራ ጣቷን ጫፍ በመርፌ ነካ አደረገው።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ተመስገን!» አለች እናት።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። «እናቴ፣ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። አጥንቱስ ይገጥማል፤ ነርቯ ግን ተጎድቷል። ምነው ባመማትና በጮኸች!»

ወገኖቼ፣ ይህች ሴት ልጇን አትወድም ነበር? ትወዳታለች እንጂ! የልጇ ዝምታ ጤና መሰላት።

ሳምንታት አለፉ። እናት ሐኪሙ እንዳሳያት የልጇን ጣቶች እያፍታታች ትጸልያለች፤ እጇ እንዲሁ ይቀር ይሆን እያለች ትሰጋለች። አንድ ቀን ረድኤት ጮኸች። «እማዬ፣ ተይ! ጣቴን ወጋኝ!»

እናትየው ምን አደረገች? እልልታዋን አቀለጠችው! ልጅ እያለቀሰች እናት እልል ስትል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰፈሩ አበደች ብሎ ተሰበሰበ።

እናንተስ? ከወንድማችሁ፣ ከእህታችሁ ከተኳረፋችሁ ምን ያህል ጊዜ ሆናችሁ? የመጀመሪያው ሰሞን እንቅልፍ ነስቷችሁ ነበር። አሁን በመንገድ ስታልፉት ምንም አይሰማችሁም። «ተውኩት፣ ረሳሁት» ትላላችሁ። አልረሳችሁትም፤ ደንዝዛችኋል! እግዚአብሔር ግን የደነዘዘውን መልሶ ያነቃል፤ ይህን ሳልጠራጠር እነግራችኋለሁ።

ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ ወንበራችሁ ላይ ስትቁነጠነጡ አይቻለሁ። የአንድ ሰው ስም መጣባችሁ፣ አይደል? ወጋችሁ? እሰይ! ልባችሁ አልሞተም ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬውኑ ሂዱና በሩን አንኳኩ።