ገንቦ ሙሉ ተምች

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ማሽላ ዘርተው ይበሉ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ሰፊ ሸለቆ ነበር። አትሳቁ እንጂ! አህያ አርሳ ካልበላች ያን ሁሉ ጭነት በምን ጉልበቷ ትሸከመዋለች? ከላይ ገደሉ ሥር አያ ዝንጀሮ ይዘራል፤ ከታች ወንዙ ዳር ከርከሮ ይዘራል፤ መሀል ላይ የእመት አህዪት ማሳ አለ። ከወንዙ ማዶ ያለው ጫካ የአያ ጅቦ ነው። አያ ጅቦ አይዘራም። ምን በወጣው!

በዚህ ሸለቆ ላይ ተምች ወረደ። ተምችን የማታውቁ ካላችሁ፣ ጣት የማታህል ትል ናት። ብቻዋን ስትታይ ታሳዝናለች። ተሰብስባ ስትመጣ ግን ጠዋት ለምለም ሆኖ የተዋችሁትን ማሽላ ማታ አገዳው ብቻ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ያን ጊዜ ቀበሮ ብቅ አለ። ቀበሮ መቼም ሌላው ሲጨንቀው ብቅ ማለት ያውቅበታል።

«መድኃኒቱ እኔ ዘንድ አለ» አለ። ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ፍሬ ቀጥቅጦ ከቁልቋል ወተት ጋር ያፈላው መርዝ ነው። አንድ ገንቦ መርዝ በአንድ ቅል ማር ይለውጣል። እንስሳቱ ወስደው ረጩት፤ ተምቹም ረገፈ። እልል ተባለ፣ ተጨፈረ።

በዓመቱ ተምቹ በእጥፍ መጣ። እነሱም በእጥፍ ረጩ። በሦስተኛው ዓመት ሸረሪቱም፣ ጥንዚዛውም፣ እንቁራሪቱም ከማሳው አልቆ ነበር። ንቡም ተመናምኖ ለቀበሮ የሚሰጥ ማር ለመጥፋት ተቃረበ። ያላለቀው ተምቹ ብቻ ነው።

«አሳንሳችሁ ረጭታችሁ ነው» ይላል ቀበሮ፣ ጢሙ ላይ የቀረውን ማር እየላሰ።

ገንቦውን ከቀበሮ ጎሬ ወደየማሳው የምታመላልሰው እመት አህዪት ነበረች። መርዙ በጀርባዋ ላይ ሲንጠባጠብ ቆዳዋ ተላጦ ቆሰለ። «ጀርባዬን እንዲህ ያደረገ ነገር ለምበላው እህል አይበጅም» ብላ በራሷ ማሳ ላይ ሳትረጭ ቀረች። ትሉን በአፏ እያራገፈች በሰኮናዋ ትረግጣለች።

ታዲያ የሸለቆው እንስሳት ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ነገር ነበር። ከተምቹ መካከል አንዳንዱ ጀርባው ላይ ሰሊጥ የሚያህሉ ነጫጭ ፍሬዎች ለጥፎ ይገኛል። «እናቲቱ ይቺ ናት! እንቁላሏን ታቅፋለች!» ይባልና ከሁሉ በፊት እሷ ትጨፈለቃለች። አህዪትም እንደ ሌላው ትጨፈልቅ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ግን እንዲህ ያለችው ትል አፍንጫዋ ፊት ካለ ቅጠል ላይ ገጠመቻት። ትሏ አልሸሸችም። ቅጠሉንም አትበላም።

«ደግሞ ተምች ሳትበላ መዋል ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች አህዪትና ቀጥ ብላ ቆመች።

አህያ ስትቆም ታውቋታላችሁ። ቢገፏት፣ ቢጎትቷት፣ ንቅንቅ የለም። ይህ ጠባይ ስንት ዱላ አስበልቷታል፤ ያን ቀን ጠቀማት። ቆማ ዋለች። በማግስቱም መጥታ ቆመች። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም። በአምስተኛው ቀን ፀሐይ ሞቅ ስትል የነጫጮቹ ፍሬዎች ጫፍ እንደ ሙዳይ ክዳን አንድ በአንድ ተከፈተ። ከየውስጣቸው ቁንጫ የማታህል፣ ወገበ ቀጭን፣ ክንፍ ያላት ነገር ብቅ አለች። ተርብ! እንዲህ የደቀቀች ተርብ ማን አይቶ ያውቃል?

ተርቧ ክንፏን አደረቀችና በረረች። ሄዳ ከሌላ ተምች ጀርባ ላይ አረፈች። ወጋቻት። ተምቿ ተወራጨች፤ ተርቧ ግን እንቁላሏን ከትሏ ሆድ ውስጥ አኑራ መሄዷ ነበር። እነዚያ ነጫጭ ፍሬዎች የትል ልጆች አልነበሩም ማለት ነው። የተርብ ልጆች ትሉን ከውስጥ በልተው፣ ቆዳውን በስተው ወጥተው፣ እዚያው ጀርባው ላይ ያንጠለጠሉት አልጋቸው ነበር።

አህዪት ወደ ሰማይ ቀና አለች። «አቤት አንተ ፈጣሪ!» አለች። «ጠባቂ ልከህልን ኖሯል? እኔ ስንቱን ረገጥኩ?» ደስታውም ሐዘኑም አንድ ላይ መጣባትና አለቀሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጭ የተሸከመውን ትል መንካት ተወች። ለጎረቤቶቿም ነገረች። ሳቁባት።

«ትል የትል ጠላት ይወልዳል እያልሽኝ ነው?» አለ ከርከሮ። «አህያነትሽን እኮ አትረሺውም!»

ወሬው ሲዞር «አህዪት ተምች ታረባለች» ሆኖ ቀበሮ ጆሮ ደረሰ። ቀበሮ ደነገጠ። ይህች አህያ ከተሰማች ማሩ ቀረበት! ሰኞ ዕለት ሮጦ አንበሳ ፊት ቀረበ።

«ጃንሆይ፣ አህዪት ሸለቆውን ሁሉ ልታስጨርስ ነው። የተምች እናቶችን በማሳዋ ትቀልባለች።»

አንበሳ አህዪትን አስጠራት። የምትለውን ሰማና ጎፈሩን ነቀነቀ።

«ነገር በዓይን ይገባል» አለ። «ቅዳሜ እመጣለሁ። ያልሽው እውነት ከሆነ አያለሁ። ትል ስታረቢ ካገኘሁሽ ግን ማሳሽ ይቃጠላል፤ አንቺም ወንዙን ትሻገሪያለሽ።»

ወንዙን መሻገር ምን ማለት እንደሆነ ለአህያ አይነገራትም።

ቀበሮ ከዚያ በቀጥታ ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ማሳዋ ከተቃጠለ አህዪት ወዴት የምትመጣ ይመስልሃል?»

ጅብ አሰበ። ብዙ አሰበ። «ወዴት?»

«ወደ አንተ ነዋ!»

የጅብ ምራቅ ወረደ። «ዛሬ ትመጣለች?»

«ቅዳሜ! ይኸው ባዶ ገንቦ። አህዪት ውሃ ስትወርድ ማሳዋ ግባና ነጭ የተሸከሙትን ትሎች አንድም ሳታስቀር ልቀም። አፉን በጭቃ መርገህ አስቀምጥ። ቅዳሜ ንጉሡ ፊት ከፍተህ ‹ያባዛችውን እዩልኝ› ትላለህ።»

ጅብ በዚያው ሰኞ ሄዶ ለቀመ። ገንቦውን ሞላው፤ አፉንም መረገው። ዋሻው ሞቃት ነው። ገንቦውን ሆዱ ሥር ወሽቆ እንደ ቅቤ ዕቃ ሲጠብቅ ሰነበተ። ውስጡ ምን እየሆነ እንዳለ አላወቀም። ከየት ያውቃል?

ቅዳሜ ደረሰ። አንበሳ መጣ፤ ሸለቆው ሁሉ ተከትሎት መጣ። አህዪት ወደ ማሳዋ መርታ ቅጠል ብትገልጥ ነጭ የተሸከመ ትል የለም። ሌላ ገለጠች፤ የለም። ሌላ፣ ሌላ። ያልተወጋ ተምች ብቻ ቅጠሉን ከርከም ከርከም ያደርጋል።

«ጠባቂዎችሽ የታሉ?» አለ አንበሳ።

«ጃንሆይ፣ ሰኞ ጠዋት ነበሩ። እንዳልረብሻቸው ብዬ ከዚያ ወዲህ ቅጠል አልገለጥኩም። እምላለሁ ነበሩ!»

ማሳውን እንዲያቃጥል የታዘዘው ዝንጀሮ ጭራሮውን አቀጣጠለ። ጅብ ከኋላ ሆኖ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያለ ለራሱ ያንጎራጉራል። አህዪት ማሽላዋን አየች። ክረምቱን የምትወጣበት ሌላ ምንም የላትም።

«ጃንሆይ» አለ ቀበሮ ጎንበስ ብሎ፣ «ጅቦ ምስክር አለው።»

አያ ጅቦ ገንቦውን አቅፎ ወደ መሀል ተንገዳገደ። በሕይወቱ እንዲህ የተከበረበት ቀን የለም። «ያባዛችውን እዩልኝ!» ብሎ ጮኸና ጭቃውን በጥፍሩ ነቀለው።

መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ቀጥሎ አንዲት ወጣች። ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቶ፣ ከዚያ ማን ይቆጥረዋል! ከገንቦው አፍ ደቃቃ ተርብ እንደ ጢስ ተነሣ። ድምፅ የለው፣ ንክሻ የለው፣ በፀሐዩ ላይ ክንፉ ብቻ ብልጭ ብልጭ እያለ ወደ ላይ ወጣ፣ ተዘረጋ፣ ማሳው ላይ ወረደ። ጅብ ቂጡን መሬት ላይ ዘፍ አድርጎ ቀረ። ገንቦውን ገልብጦ ቢያራግፍ የወጣው ተጨማድዶ የደረቀ የትል ቆዳ ነው። የሰኞው ተምች ሁሉ አልቋል።

«ትሎቼስ?» አለ ጅብ። «ማን በላብኝ?»

ሁሉም ቅጠል ቅጠሉን እያየ ነበር። ተርቦቹ እየዞሩ ያሸታሉ፣ ያርፋሉ፣ ይወጋሉ፣ ይነሣሉ። አንዳቸውም ማሽላውን አልነኩም። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አልቀለባቸውም፣ ሥራቸውን ግን አንድም አይስቱም።

አንበሳ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ? በሆዱ ተኛ። ያ ሲያገሳ ገደሉ የሚመልስለት ጌታ አፍንጫውን ከአንዲት ቅጠል አስጠግቶ፣ በትንፋሹ እንዳያበርራት ሰግቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ቁንጫ የማታህል ተርብ ስትሠራ አየ። ዝንጀሮም ጭራሮውን በእግሩ አጠፋ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ እሰማለሁ» አለ አንበሳ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «እውነቱን ለመናገር አባባሉን አልወደውም ነበር። ዛሬ ግን ሠራዊት አየሁ። የእኔ ሠራዊት ይህን አይችልም።» ተነሥቶም ወደ አህዪት ዞረ። «ማሳሽ አይነካም። ምን እንድሰጥሽ ትፈልጊያለሽ?»

«ለእኔ ብቻ የሚሰጠኝ አይጠቅመኝም፣ ጃንሆይ» አለች አህዪት። «ከላይ አያ ዝንጀሮ ሲረጭ ነፋሱ መርዙን ያመጣብኛል። ከታች ከርከሮ ሲረጭም እንዲሁ። ተርብ ድንበር አታውቅም፤ ተምችም አያውቅም። ሸለቆው ሁሉ ካልሆነ የኔ ማሳ ብቻውን አይድንም።»

ዝንጀሮ ራሱን አከከ። «አይ እመት አህዪት! ብተወውና ተምቹ ቢጨርሰኝስ? ልጆቼን ተርብ ታበላልኛለች?»

«ፍርሃትህ እውነት ነው» አለችው። «ተርብ ብቻዋን አትችለውም፤ እኛም እናግዛት። ሁላችንም በአንድ ሳምንት እንዝራ፤ ተምቹ ከአንዱ ለጋ ወደ ሌላው ለጋ እየተሻገረ አይክረም። ማሳው ዳር ረጅሙን ዝሆኔ ሳር እንትከል፤ ተምችን የምትወልደው የእሳት ራት እንቁላሏን እዚያ ትጣል። ማሽላውን በቀላሉ እንዳታገኘው በመሀሉ አደንጓሬ እናስገባ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቅጠል እንግለጥ።»

«መርዙስ?» አለ ቀበሮ ቶሎ ብሎ። «እኔም እኮ ይህንኑ ልል ነበር… ግን መርዙስ?»

አንበሳ ቀበሮን አየው። ቀበሮ ጆሮውን አጠፈ።

«አንድ ገንቦ ይቀመጥ» አለ አንበሳ። «ጎረቤት ሁሉ ማሳውን አይቶ ሌላ መላ የለም ያለ ቀን፣ ለባሰበት ቦታ ብቻ ይከፈታል። በእፍኝ! እስከዚያ የሚጠብቀው አንተ ነህ፤ ማርም የለም።»

ሸለቆው እንዲህ ተማማለ። ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። በዓመቱ ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ተምች መጣ። አያ ዝንጀሮ ዓይኑ ቀልቶ፣ ያቺን አንድ ገንቦ ከቀበሮ ነጥቆ፣ እየሮጠ አህዪት ዘንድ ወረደ።

«እየበላኝ ነው! ልረጭ ነው! ምለሃል አትበይኝ!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው አህዪት። «ከመርጨትህ በፊት አብረን እንቁጠር።»

ገደሉ ሥር ወዳለው ማሳው ወጥተው አሥር ተምች ለቀሙ። ዝንጀሮ በጣቱ እያገላበጠ ቆጠረ። ስድስቱ ጀርባቸው ላይ ነጭ ተሸክመዋል። ደግሞ ቆጠረ፤ ስድስት ነው። በእሱ ማሳ! ተርቧ ከአህዪት ማሳ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ፣ ሳይጠራት መጥታ፣ ሥራዋን ጀምራ ኖሯል። ዝንጀሮ ገንቦውን መሬት አስቀመጠና አጠገቡ ተቀመጠ። «ለእኔም?» አለ።

በኅዳር ማሽላው ደረሰ። በደቦ አጨዱት፤ ከገደል ሥር እስከ ወንዝ ዳር ከየአውድማው ዘፈን ተሰማ። አንበሳም ሊያይ መጣ። በእመት አህዪት ማሳ መካከል ሲያልፍ ዳር ላይ ቅጠሉ የተበሳሳ ማሽላ አየና ቆመ።

«ይህን ተምች በልቶታል።»

«አዎን ጃንሆይ።»

«አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ። ሆን ብዬ ተውኩት» አለች አህዪት። «ተምች ጨርሶ ከጠፋ ተርቦቹ ልጆቻቸውን ምን ላይ ያሳድጋሉ? እነሱ ከሄዱ ደግሞ በሚመጣው ዓመት ማን ይጠብቀናል? ትንሽ ለነሱ መተው አለብኝ።»

አንበሳ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን አየ።

«ስንት ዘመን ነገሥኩ» አለ። «ጠላቴን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሳጠፋ ኖርኩ። አብሮ ምን እንደሚጠፋብኝ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።» ይህን ብሎም የተበሳሳውን ቅጠል እንዳይነካ እግሩን አንሥቶ አለፈ።

ከዚህ የምንማረው፣ ያላወቅነውን ሁሉ ጠላት ብለን ስንረግጥ ጠባቂያችንንም አብረን እንደምንረግጥና፣ የአንዱም ማሳ የሚድነው ሸለቆው ሁሉ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ አንድ ላይ ሲመክር መሆኑን ነው።