የፈንታነሽ ሠላሳኛ ቤት

ስሙኝማ! ጆሮ ያለው ይስማ፣ የራቀም ጠጋ ይበል።

ፈንታነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ ቤት ለቤት እየዞሩ የማጅራት ገትር ክትባት የወሰዱ አዋቂዎችን መቁጠር ነው። በሽታው አምና በዚያ ቀበሌ አራት ጎልማሶችን ቀጥፏል። ክትባት የሚላከው ደግሞ ጉድለቱ በቁጥር ለታየበት ቀበሌ ነው። በየቤቱ የምትጠይቀው አንድ አዋቂ ነው፤ ዕጣ ከወጣባቸው ሠላሳ ቤቶች ሃያ ዘጠኙን ጠይቃለች። የቀራት የጋሽ ደምለው ቤት ብቻ ነው። ቅጾቹን የሚወስደው መኪና አሥር ሰዓት ላይ ይሄዳል።

«ጋሽ ደምለው፣ ተከትበዋል?»

«ተከትቤያለሁ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይጻፍም፤ ካርድዎን ያሳዩኝ።»

«ካርዱማ ሳጥን ውስጥ አለ። ቁልፉ ግን ባለቤቴ መቀነት ላይ ነው፤ እሷም ወፍጮ ቤት ናት። ይልቅ ጎረቤቴን ጠይቂና ሂጂ።»

«ዕጣው የወጣው በእርስዎ ቤት ነው፤ ቤት አይቀየርም።»

ቁልፍ ካልመጣ ሳጥን አይከፈት፤ ሳጥን ካልተከፈተ ካርድ አይወጣ፤ ካርድ ካልወጣ ቅጽ አይሞላ። ፈንታነሽ ወደ ወፍጮ ቤት ሮጠች።

የጋሽ ደምለው ባለቤት እትዬ ይርገዱ ማሽላዋ ላይ ተቀምጣለች። «ሳጥኔን ያለ እኔ ማንም አይከፍተውም። እኔም ማሽላዬ ሳይፈጭ አልነቃነቅም!»

ባለወፍጮው እጁን አጣምሮ ቆሟል። «ወፍጮውን የሚያዞረው የቆዳ ቀበቶ፣ ቺንጋው ተበጥሷል። ሳይሰፋ ወፍጮው አይዞርም።»

ቺንጋ ካልተሰፋ ወፍጮ አይዞር፤ ወፍጮ ካልዞረ ቁልፍ አይመጣ፤ ቁልፍ ካልመጣ ሳጥን አይከፈት፤ ሳጥን ካልተከፈተ ካርድ አይወጣ፤ ካርድ ካልወጣ ቅጽ አይሞላ። ፈንታነሽ የተበጠሰውን ቺንጋ ተሸክማ ወደ ቆዳ ሰፊው ሮጠች።

«ወስፌዬ ተሰብሯል፣ እህቴ። በጥርሴ ልስፋው?»

ወደ ቀጥቃጩ ሮጠች። ቀጥቃጩ ቀና አላለም። «ረዳቴ ታሟል። ወናፍ የሚነፋልኝ ሳላገኝ ብረት አላግልም። ስሜ እምቢአለ ነው፤ እምቢ ካልኩ እምቢ ነው!»

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ወናፍ ካልተነፋ ወስፌ አይሠራ፤ ወስፌ ካልተሠራ ቺንጋ አይሰፋ፤ ቺንጋ ካልተሰፋ ወፍጮ አይዞር፤ ወፍጮ ካልዞረ ቁልፍ አይመጣ፤ ቁልፍ ካልመጣ ሳጥን አይከፈት፤ ሳጥን ካልተከፈተ ካርድ አይወጣ፤ ካርድ ካልወጣ ቅጽ አይሞላ።

ፈንታነሽ ነጠላዋን አደገደገች። «እንግዲያው እኔ እነፋለሁ!» አለችና ወናፉ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

እምቢአለ ነገሩን ከእሷ ሰምቶ ሳቀ። «ይሄ ሁሉ ለአንድ ካርድ? ‹ተከትቧል› ብለሽ ጽፈሽ አትሄጂም?»

«ተከትቧል ብዬ ከዋሸሁ ክትባቱ ይቀራል፤ ክትባቱ ከቀረ ሰው ይቀበራል።»

እምቢአለ ሳቁን ዋጠ። ጉጠቱን አነሳ።

ያኔ ወናፉ ተነፋ፤ ወስፌው ተሠራ፤ ቺንጋው ተሰፋ፤ ወፍጮው ዞረ፤ ማሽላው ተፈጨ፤ እትዬ ይርገዱም ዱቄቷን ተሸክማ፣ ቁልፏን አንጠልጥላ መጣች። ሳጥኑ ተከፈተ። ካርዱ ወጣ!

ፈንታነሽ አነበበች። «ስም፦ ዳማ። ቀለም፦ ቀይ። ቀንድ፦ ሁለት። ጋሽ ደምለው፣ ይሄ እኮ የበሬዎ የክትባት ካርድ ነው!»

«ታዲያ የኔስ?»

እትዬ ይርገዱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንተማ መርፌ ፈርተህ ማሳ ውስጥ ተደብቀህ ዋልክ!»

ጋሽ ደምለው አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲህ… እውነቷን ነው። አልተከተብኩም ብለሽ ጻፊ።»

ፈንታነሽ ጻፈች። መኪናው ጥሩንባውን ሲነፋ ሠላሳኛውን ቅጽ ከፍ አድርጋ እያውለበለበች ደረሰች። ሠላሳ ከሠላሳ! ከሠላሳው የተከተቡት ዘጠኝ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ጉድለቱ ፀሐይ ሞቀው።

በአሥራ አምስት ቀኑ ክትባቱ ለቀበሌው አዋቂ ሁሉ መጣ። እምቢአለ እሺ አለ። ጋሽ ደምለው እጅጌያቸውን ሰብስበው ከሰልፉ ፊት ቆሙ፤ እትዬ ይርገዱ እልልታዋን አቀለጠችው። የበጋው ነፋስ መጣ፣ አቧራውን አስነሳ፣ አለፈ። በዚያ ቀበሌ ግን በማጅራት ገትር ምክንያት አንድም ድንኳን አልተተከለም።