የብርቱካን ስም ፍለጋ

ተረት ልጀምር ነው፤ የሚያዛጋ ካለ ከአሁኑ ያዛጋ። የላሞቹን በረት ለሌላ ቀን እንተወውና ዛሬ ባሕር እንሻገር።

በድሮ ጊዜ አንዲት ፍሬ ከመርከብ ላይ ተንከባላ ግሪክ አገር ወደብ ላይ ቀረች። እናቷን አታውቅም፣ የበቀለችበትን አታውቅም፣ ስሟንም አታውቅም። “ዘሬን የምጥለው የኛ ናት ብሎ በሚጠራኝ አገር ነው፤ እዚያ ሳልደርስ ከደረቅሁ ዘሬም አብሮኝ ይደርቃል” እያለች ብቻዋን ትጨነቅ ነበር።

አንድ አህያ በዚያ ሲያልፍ አየችው።

“ጌታው፣ እዚህ አገር ማን ይሉኛል?”

“ፖርቶካሊ ነዋ!”

“ምን ማለት ነው?”

“ከፖርቱጋል የመጣሽ ማለት ነው። አገርሽ እያለ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?”

ፍሬዋ ደስ አላት። በመርከበኛ ኪስ ገብታ ፖርቱጋል ወረደች። አጥር ላይ አንድ አውራ ዶሮ ቆሟል።

“አገሬ ገባሁ! በስሜ ጥራኝ!” አለችው።

“ላራንጃ” አላት።

“ፖርቶካሊ አይደለሁም እንዴ?”

“እሱማ የአገራችን ስም ነው፣ ምነው ነጠቅሽን! ላራንጃ ያልንሽ ከዐረቦች ሰምተን ነው። እነሱ ከፋርስ ሰሙ፣ ፋርስ ደግሞ ከህንድ። እኛ ጋ ዘመድ የለሽም።”

ይህን ብሎ ጮኸ። ዶሮ እንዲህ ነው፤ ሰው አስከፍቶ ይዘፍናል።

ፍሬዋ ቆዳዋ መጨማደድ ጀመረ። በሌላ መርከብ ሆላንድ ደረሰች፤ ዝናብ ነው፣ ጭጋግ ነው። አንድ የነፋስ ወፍጮ ክንፉን ያዞራል።

“አባባ፣ እናንተስ ማን ትሉኛላችሁ?”

“ሲናስአፕል። የቻይና ፖም ማለት ነው።”

“እኔ ፖም አይደለሁም!”

“ከቻይናስ ነሽ?”

“እኔ እንጃ።”

“እንግዲያው ቻይና ሂጂና ጠይቂ” ብሎ መፍጨቱን ቀጠለ።

ፍሬዋ አለቀሰች። ስም ያልሰጣት የለም፤ ስሙ ሁሉ ግን ወደ ሌላ አገር የሚሸኛት ነበር። እንዲህ ያለ ብቸኝነት አያድርስ!

ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቀችም። ከመርከብ መርከብ ስትገላበጥ አንድ ዐረብ ነጋዴ በግመል ጭኖ እኛ አገር አመጣት። ገበያ ላይ “ቡርቱቃል!” እያለ ሲጣራ ሰማችና “ይኸው፣ ደግሞ ያቺው ፖርቱጋል” አለች።

ወይዘሮ የሻረግ የምትባል እርጉዝ ሴት አየቻትና ምራቋን ዋጠች።

“ምን አልካት? ብርቱካን? ያማረችኝ እኮ ይቺ ናት!”

ከየት መጣሽ አላለቻትም። እዚያው ልጣ በላቻት፤ ዘሯንም ወስዳ ጓሮዋ ቀበረች።

ዘሩ በቀለ፣ ዛፍ ሆነ። ዛፏ ግን ያ ሁሉ መንከራተት ትዝ እያላት፣ አንድ ፍሬ እንኳ ሳትጥል እንደ ከፋት ኖረች። አንድ ቀን ከቤት ውስጥ “ብርቱካን!” የሚል ድምፅ ሰማች። “ደግሞ ወዴት ሊሰዱኝ ነው?” ብላ ቅጠሏን ሰበሰበች።

“አቤት እማዬ!” ብላ አንዲት ትንሽ ልጅ ከጥላዋ ሥር ብድግ አለች።

ዛፏ ደነገጠች። “አንቺ ልጅ፣ በዚህ ስም ማን ጠራሽ?”

“እናቴ ናታ። ስሜ ነው!”

“ፖርቱጋልን ታውቂያታለሽ?”

ልጅቷ አሰበች። “ማናት እሷ? እኛ ሰፈር የለችም።”

ዛፏ ሳቀች። ስትስቅ የበሰለ ፍሬዋ ልጅቷ እግር ሥር ረገፈ።

እኔ ጨረስኩ፤ አፌ ስለደረቀ ዳቦውን ተዉትና ብርቱካን ላጡልኝ። እናንተም እንግዳ ቤታችሁ ሲመጣ አገርህ የት ነው እያላችሁ አታድክሙት፤ ስሙን ለልጃችሁ ስጡለት፣ ያኔ ያርፋል።