ንጉሥ ይዞ የሸሸው ኮርቻ ሰፊ

ፊታውራሪ ጓንጉል ያባታቸውን መሬት ፖከር በሚባለው የካርታ ቁማር ተበልተው ጨርሰዋል፤ በቅሎአቸውም ሄዳለች። ትዕቢታቸው ግን አልተነካም።

አንድ ቀን ከአንድ ኮርቻ ሰፊ ጋር ለጨዋታ ተቀመጡ። ለሰፊው ሁለት የንጉሥ ካርታ ደረሰው። ጠረጴዛው ላይ ለሁለቱም የሚያገለግል ሦስት ካርታ ሲዘረጋ ግን ከንጉሥ የሚበልጠው አስ ብቅ አለ፤ ሰፊውም ምንም ሳያስይዝ አለፈ።

«በል በቅሎህን አስይዝ!» ሲሉ ፊታውራሪ አፋጠጡት።

ሰውየው ካርታዎቹን ገልጦ ጣለ። ፊታውራሪ በሳቅ ፈነዱ። «ሁለት ንጉሥ ይዞ የሚሸሽ ቦቅቧቃ! እኔ ብሆን ዓይኔን አላሽም ነበር!»

«እሱማ አያሹም፣ ጌታዬ» አለ ሰፊው እየተነሳ። «እኔ ጥሩ ቢደርሰኝም የተዘረጋውን አይቼ ተውኩት፤ በበቅሎዬ ቤቴ እገባለሁ። እርስዎ ሲወለዱ የደረሰዎትን ብቻ እያዩ፣ ከዚያ ወዲህ የተዘረጋውን አንዴም ቀና ብለው ሳያዩ፣ ይኸው በእግርዎ ይገባሉ።»