ናፍጣን ከፋፍሎ የሚጠጣው ሞተር

ይህን ያወራችልኝ የጋሽ ደምመላሽ ጋራዥ ዘበኛ ሚስት ዝናሽ ናት፤ የእሷ ጆሮ መቼም አያርፍም።

ጋሽ ደምመላሽ አዲስ የጭነት መኪና ገዙና፣ አሮጌውን ሲነዳላቸው የኖረውን ሹፌር አስነስተው የእህታቸውን ልጅ ሊያስቀምጡበት አማራቸው። ሰው እንዳያማቸው ግን ሰበብ ፈለጉ። ሠራተኛውን ሁሉ፣ ባለቤታቸውን እትዬ አልጣሽንም ጭምር፣ ሰብስበው ሹፌሩ ላይ ጮኹበት።

«አሮጌው እየተንኳኳ ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር። ይሄኛው ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው? ካላወቅህ ቁልፉን አምጣ።»

ሹፌሩ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨበጥ አደረገ። እንጀራው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ አሮጌው ናፍጣ የሚቀበለው እኛ የእርስዎን ቁጣ እንደምንቀበለው ነው፤ ሁሉም ባንዴ ይወርድበታል። ታዲያ ይንኳኳል፣ በደንብ ያልነደደውም ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። አዲሱ ግን እርስዎ የእትዬን ቁጣ እንደሚቀበሉት ነው። መጀመሪያ ትንሽ ጠብ ትደረግለትና ይሞቃል፣ ቀጥሎ ዋናው ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ የተረፈውን የምታቃጥል ትንሽ ትከተላለች። ከጓዳችሁ ድምፅም ጭስም ወጥቶ የማያውቀው ለዚህ አይደል?»

እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አዲሱን መኪና ሹፌሩ ይነዳዋል። አሮጌው ለእህታቸው ልጅ ደረሰ። ጋሽ ደምመላሽ ዛሬም ይቆጣሉ፤ ሦስት ቦታ ከፍለው።