ጎኑን አዙሮ የቆመው ግልገል

እንስሳት አፍ አውጥተው በሚያወሩበት፣ ሰውም እነሱን ለማየት በመኪና በሚመጣበት ዘመን፣ በአንድ ፓርክ ውስጥ ሚዳቋ ትኖር ነበር። ጎብኚዎች ፎቶ ሲያነሷት ደስ ስለሚላት ግልገሏንም፣ «መኪና ስታይ ጎንህን አዙረህ ቀጥ ብለህ ቁም» ብላ አስተማረችው።

አንድ ጠዋት መኪና ሲመጣ ቆቅ፣ «እመት ሚዳቋ፣ የዛሬዎቹ የያዙት ካሜራ አይመስለኝም፤ ልጅሽን ይዘሽ ሽሺ!» አለቻት።

«አንቺ ደግሞ ኮሽ ባለ ቁጥር መበርገግ ነው ሥራሽ» ብላ ሳቀችባት።

ግልገሉም እንደተማረው ጎኑን አዙሮ ቆመ። ጥይቱ እስኪጥለው ድረስ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ወዲህ ሚዳቋ የመኪና ድምፅ ስትሰማ ዘላ ጫካ ትገባለች። ጎብኚዎች ጅራቷን ብቻ እያዩ፣ «ይቺ እኮ ሲፈጥራት ፈሪ ናት» ይላሉ።

እሷም ቅጠሉ ውስጥ ተሸሽጋ፣ «ምነው ያኔ በሆንኩ!» ትላለች።