የአህያ ጋሪና የጅብ ካሣ

አንድ ጊዜ አንድ ያረጀ አህያ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲጎትታት የኖረችውን ጋሪ ሊሸጥ ቆረጠ፤ ልቡ ግን አልቆረጠም። ጉልበቱ ደክሟል። ዳገቱ በየዓመቱ የሚረዝም ይመስለዋል። የቀረው ምኞት ዕድሜውን ለምለም ሣር እየጋጠ መጨረስ ነበር። ገዢ ሆኖ የመጣው አያ ጅቦ ነው። በጋሪዋ ምትክ ከወንዙ ዳር ያለውን መስኩን ሊሰጥ ተስማማ፤ እሱ እንደሆነ ሣር አይበላ።

በዚያ አገር የሽያጭ ደንብ ነበር። ሻጭ የዕቃውን ነውር ይናገራል፤ ገዢም ዕቃውን ዞሮ ተመልክቶ «አየሁ» ይላል። ሽያጩ የሚጸናው ያን ጊዜ ነው።

አህያ ነውሯን ሊናገር አፉን ከፈተ። የመጣለት ግን ትዝታ ነበር።

«በዚህች ጋሪ ስንት ሙሽራ አድርሻለሁ!» አለ። «ሸክላ ጭነን ወንዝ ስንሻገር አንድ ገንቦ እንኳ አልተሰበረብንም። ማለዳ እንጨቷ በጤዛ ሲርስ የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልጠፋም።»

«አየሁ፣ አየሁ!» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አያ ጅቦ የሞተ በሬ በጋሪዋ ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ጋሪዋ ወደ ግራ ዘንበል አለችና ከነጭነቷ ገደል ገባች። ሥጋውን አሞሮች ተቀራመቱት። ጅብ ሲያለቅስ እመት ቀበሮ ደረሰች።

«ካሣ ጠይቀው እንጂ ምን ያስለቅስሃል?» አለችው።

«ካሣ ይበላል?»

«ያንተ ካሣ ይበላል፤ አራት እግር አለው። ለእኔም አንድ እግር አትርሳ።»

በማግሥቱ ጋሪዋ ከገደል ወጥታ አንበሳ ችሎት ፊት ቀረበች። ቀበሮ ለጅብ ጠበቃ ሆና ቆመች።

«ጌታዬ፣ የግራ ጎማዋ የተጣመመው ዛሬ አይደለም፤ ዝገቱን ይመልከቱት። ሻጩ እያወቀ ደብቋል። ስለዚህ ካሣው ራሱ አህያው ይሁን!»

«አላውቅም ነበር ጌታዬ» አለ አህያ። ወዲያው ደግሞ ራሱን ተጠራጠረ። «የማውቅ አይመስለኝም።»

«እስቲ ጎትታት» አለ አንበሳ።

አህያ ከጋሪዋ ቀንበር ሥር ገባ። ትከሻው የድሮ ቦታውን አገኘ። ሳያስበው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ሲራመድ፣ ያቺ ጎማዋ የተጣመመ ጋሪ ቀጥ ብላ ተከተለችው።

«አያችሁ!» ብላ ጮኸች ቀበሮ። «ገላው ያውቃል!»

አህያ ባለበት ቆመ። አካሄዱን ያጣመመው እርጅና ይመስለው ነበር።

«እውነቷን ነው» አለ ጆሮዎቹን ጥሎ። «ጎማዋ ሲጣመም ደገፍኳት። ስደግፋት ብዙ ዘመን አለፈና መደገፌን ረሳሁት። መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም።»

አያ ጅቦ ከንፈሩን ላሰ። አንበሳ ግን ወደ እሱ ዞረ።

«አንተስ? ዞረህ ስታያት ጎማዋ አልታየህም?»

«የቱ ጎማ?»

«አልዞርክም እንዴ?»

«ዞሬያለሁ እንጂ ጌታዬ!»

«ታዲያ ምን አየህ?»

ቀበሮ የጅብን እግር ረገጠች፤ ግን ዘገየች።

«ታፋውን ነዋ!» አለ ጅብ። «እንዲህ ያለ ታፋ ከፊቴ ቆሞ ማን ጎማ ያያል?»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። አንበሳም ሳቁን ውጦ ፈረደ።

«ሻጭ ነውሩን አልተናገረም፤ ገዢም ዕቃውን አላየም። ደንቡ ስላልተፈጸመ ሽያጭ የለም፤ ሽያጭ ከሌለ ካሣም የለም። ጋሪዋ ለአህያ፣ መስኩ ለጅብ ይመለስ።»

«ሣሩን ምን ላድርገው?» አለ ጅብ ግራ ተጋብቶ።

«ብላው!» ብላው ሄደች ቀበሮ።

አህያ ነፍሱን አተረፈ፤ ለምለሙን መስክ ግን አጣ። አንድ ጊዜ ዞሮ አየውና ጋሪዋን እየጎተተ ወደ ቤቱ አቀና። በየእርምጃው ትከሻው ላይ የሚያርፈው ክብደት ዛሬ ገና ተሰማው።

«አንቺም አመመኝ አላልሽ፤ እኔም አልጠየቅኩሽ» አላትና ዳገቱን ቀስ እያለ ተያያዘው።

ከዚህ የምንማረው፣ የምንወደውን ዕቃ ስንሸጥ ከትዝታው ይልቅ ነውሩን ማስቀደም፣ ስንገዛም ከምኞታችን ይልቅ ዕቃውን ማየት እንደሚገባን ነው።